ከሰውነት ውጪ የሚተነፍሱት ሳንባዎች ለማን ይደርሳሉ?

ሲልቨር ስፕሪንግ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ስም አይደለም። ከአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው ይህች የሜሪላንድ ከተማ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት፣ ምግብ ቤቶቻቸውና ሱቆቻቸው በየመንገዱ የሚታዩባት ናት። በዚያችው ከተማ ግን ብዙዎች ሳያውቁት የሚያልፉት ሌላ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ከሞተ ሰው የተወሰደ ጥንድ ሳንባ ግልጽ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ አየር እየሞላውና እያስወጣለት ለሰዓታት ይቆያል። ደረት የለም፣ ልብ የለም፤ ሳንባው ግን ከፍ ዝቅ ይላል።

ሥራውን የጀመረው ላንግ ባዮኢንጂነሪንግ የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ ባለቤቱም በከተማዋ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ዩናይትድ ቴራፒዩቲክስ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ነው። ወደ ማዕከሉ የሚላኩት ሳንባዎች ሐኪሞች አይተው "እንውሰደው ወይስ እንተወው?" ብለው ያመነቱባቸው ናቸው። በማዕከሉ ያሉ ባለሙያዎች ሳንባውን በማሽን ላይ አድርገው ሁኔታውን ይለካሉ። በሌላ ከተማ ያለ ቀዶ ሐኪም ደግሞ ውጤቱን በስክሪን እየተከታተለ ይወስናል። ካመነበት ሳንባው እንደገና ቀዝቅዞ ወደሚጠብቀው ሕመምተኛ ይጓዛል። ካላመነበት ያበቃል።

ይህን አሠራር ያመጣው የረጅም ጊዜ ብክነት ነው። በሰሜን አሜሪካ ኩላሊትና ጉበት የመሳሰሉ የአካል ክፍሎቻቸው ከተለገሱ ሟቾች መካከል ሳንባቸው ጭምር ጥቅም ላይ የሚውለው ለብዙ ዓመታት ከአምስቱ የአንዱ ያህል ብቻ ነበር። የቀረው አብሮ ይቀበር ነበር፤ በሌላ በኩል በተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ ያሉ ሰዎች ሳንባ ሳያገኙ ይሞታሉ።

ሳንባ ከሌሎቹ የአካል ክፍሎች ይበልጥ የሚጣለው ከውጪው ዓለም ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ነው። ኩላሊት በሰውነት ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ሳንባ ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ አቧራ፣ ጭስና ተህዋስ ይቀበላል። አንድ ሰው ጭንቅላቱ ተጎድቶ ራሱን ሲስት ምራቅና የሆድ ዕቃ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል። አንጎል ሲሞት ደግሞ ሰውነት ከፍተኛ መጠን ያለው አድሬናሊን ይለቃል፣ የደም ግፊት በድንገት ይተኮሳል፣ በዚህም ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። የመተንፈሻ መሣሪያው ራሱም ቀናት ሲቆጠሩ ጉዳትና ኢንፌክሽን ያስከትላል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚመለከተው ሳንባ ብዙውን ጊዜ ያበጠ፣ የከበደና የሚያሰጋ ነው። ከዚህ ውስጥ የትኛው በሰዓታት ውስጥ ሊያገግም እንደሚችል፣ የትኛውስ የማይድን እንደሆነ በዐይን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ጥርጣሬ ያደረበት ሐኪም ሲተወው ሊወቀስ አይችልም፤ መጥፎ ሳንባ መትከል ታካሚን መግደል ነውና።

ከበረዶ ሣጥን ወደ ማሽን

የመጀመሪያው የሰው ሳንባ ንቅለ ተከላ የተደረገው እአአ በ1963 በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት በዶክተር ጄምስ ሃርዲ ነው። ታካሚው የኖረው 18 ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች የተደረጉት ሙከራዎችም ዘላቂ ውጤት ሳያስገኙ ሁለት አሥርት ዓመታት አለፉ። እአአ በ1983 በካናዳ ቶሮንቶ ጄኔራል ሆስፒታል በዶክተር ጆኤል ኩፐር የተመራው ቡድን አንድ ሳንባ የተተከለለትን ታካሚ ለዓመታት ማኖር ሲችል፣ ሕክምናው ከሙከራ ወደ መደበኛ አገልግሎት መሸጋገር ጀመረ።

የማቆያው ዘዴ ግን ብዙም አልተለወጠም ነበር። ሳንባው በቀዝቃዛ ፈሳሽ ይታጠባል፣ በትንሹ አየር ይሞላል፣ በከረጢት ይታሸጋል፣ በበረዶ ሣጥን ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀመጣል። ቅዝቃዜው የሕዋሳትን ሥራ ያዘገያል፣ ኦክስጅን የመፈለግ ፍላጎታቸውንም ይቀንሳል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የቀዘቀዘ ሳንባ ደግሞ የተኛ ሳንባ ነው፤ ደህና ይሁን አይሁን አይናገርም፣ ራሱንም አይጠግንም።

ለውጡን ያመጡት ስዊድናዊው ቀዶ ሐኪም ስቲግ ስቴን ናቸው። በሉንድ ከተማ የሚሠሩት ስቴን ሳንባን ከሰውነት ውጪ አሙቀው ለመመርመር የሚያስችል ፈሳሽ አዘጋጁ። ፈሳሹ አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲንና ዴክስትራን የተባለ ውህድ የያዘ ሲሆን፣ በሳንባው የደም ሥሮች ውስጥ ሲዘዋወር በሕብረ ሕዋሱ የተቋጠረውን ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። እአአ በ2000 ቡድናቸው ልቡ ቆሞ ከሞተ ሰው የተወሰደን ሳንባ በዚህ መንገድ መርምሮ ለአንዲት ታካሚ ተከለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ አይሆንም ተብሎ የተተወ ሳንባ በማሽን ላይ ከቆየ በኋላ ለንቅለ ተከላ በቃ።

ዘዴውን ያራዘሙት የቶሮንቶዎቹ ሻፍ ኬሻቭጂና ማርሴሎ ሲፔል ናቸው። የስዊድኑ ምርመራ አጭር ነበር። የቶሮንቶው ቡድን ግን ፈሳሹ የሚያልፍበትን ፍጥነትና ግፊት ዝቅ አድርጎ፣ ሳንባውን በ37 ዲግሪ ለብዙ ሰዓታት ማቆየት እንደሚቻል አሳየ። የአሠራሩ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ከልብ ወደ ሳንባ ደም በሚያደርሰው ቧንቧ በኩል ፈሳሹ ቀስ እያለ ይገባል። በሌላኛው ወገን ሲወጣ ሙቀቱ ይስተካከላል፣ በማጣሪያ ያልፋል፣ ተመልሶ ይገባል። በአየር ቧንቧው በኩል ደግሞ የመተንፈሻ መሣሪያው በዝግታ አየር ይሰጣል። በየሰዓቱ ሳንባው ለፈሳሹ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሰጠ፣ ምን ያህል እንደሚለጠጥ፣ በውስጡ ያለው ግፊት ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለው ይመዘገባል። ራጅ ይነሳል፤ ቀጭን ካሜራ በቧንቧው ገብቶ መግልና ውሃ መኖሩን ያያል። ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በኋላ ጥርጣሬው በቁጥር ይተካል።

እአአ በ2011 ቡድኑ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት፣ አደጋ አላቸው ተብለው ከተመደቡ 23 ለጋሾች ሳንባ መካከል 20ዎቹ በማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ቆይተው ተተክለዋል። ከንቅለ ተከላው ከሦስት ቀን በኋላ ከባድ የሳንባ መታወክ የታየባቸው ተቀባዮች 15 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ የተተከለላቸው ደግሞ 30 በመቶ ነበሩ። የታካሚዎቹ ቁጥር ትንሽ በመሆኑ ማሽኑ ይበልጣል ብሎ ለመደምደም አያስችልም። ይህ ጸሐፊ ከቁጥሩ ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ለሌላው ገጽታ ነው፦ ሊጣሉ የነበሩት ሳንባዎች ከተመረጡት አላነሱም።

ሳንባን ማከም፣ ታካሚውን ሳይነኩ

አንድ የአካል ክፍል ብቻውን ሕያው ሆኖ መቆየት ከቻለ ብቻውን መታከምም ይችላል። ለአንድ ታካሚ መርዝ የሚሆን ከፍተኛ የመድኃኒት መጠን ኩላሊትና ጉበት ለሌለው ማሽን ምንም አይደለም። በተለያዩ ማዕከላት የተያዙት ጥናቶች የሚያተኩሩት በዚህ ላይ ነው፦ ኢንፌክሽን ላለበት ሳንባ አንቲባዮቲክ፣ የደም መርጋት ላለበት የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት፣ ብግነት ላለበት ደግሞ ብግነቱን የሚያበርድ ዘረመል በቫይረስ ተሸካሚነት ማስገባት።

አደንዛዥ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስደው የሚሞቱ ወጣቶች በሰሜን አሜሪካ በበዙበት ዘመን ጤናማ ነገር ግን ሄፓታይተስ ሲ ያለባቸው ሳንባዎች ለልገሳ ቀርበዋል። ቶሮንቶ ውስጥ ፈሳሹን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ስር በማሳለፍ የቫይረሱን መጠን መቀነስ ተችሏል። ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ግን አልሆነም፤ የቀረውን ሥራ ከንቅለ ተከላው በኋላ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ያጠናቅቁታል።

ከሁሉ የሚያስገርመው እአአ በ2022 የታተመው ሙከራ ነው። በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የስቲቨን ዊዘርስ ቡድን በሰው አንጀት ባክቴሪያዎች ውስጥ የደም ዓይነት ኤ ምልክትን ከሕዋስ ላይ የሚቆርጡ ሁለት ኢንዛይሞች አግኝቶ ነበር። የቶሮንቶ ተመራማሪዎች እነዚህን ኢንዛይሞች ለንቅለ ተከላ ብቁ ባልሆኑ ሳንባዎች ውስጥ በማሽኑ አዘዋወሯቸው። በአራት ሰዓት ውስጥ ከምልክቱ 97 በመቶ በላይ ተወገደ፤ የኤ ዓይነት ሳንባ ወደ ኦ ተጠጋ። ሳንባዎቹ ለሰው አልተተከሉም። ሆኖም የኦ ዓይነት ደም ያላቸው ታካሚዎች ከኦ ለጋሽ ብቻ ሊወስዱ ስለሚችሉና የኦ ሳንባ ደግሞ ለሌሎችም ስለሚሆን፣ ረዥሙን ወረፋ የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። አንድ ቀን ይህ በሥራ ላይ ከዋለ፣ ወረፋው በሞት ቅርበት እንጂ በደም ዓይነት አይወሰንም።

ነገሩን ከልክ በላይ ማጋነን ግን አይገባም። ማሽኑ የሚያሸንፈው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነው። ሳንባ ከተተከለላቸው ሰዎች ግማሾቹ ከስድስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታሉ፤ ይህም ከኩላሊትና ከልብ ንቅለ ተከላ ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው። ዋናው ምክንያት ሰውነት ባዕዱን ሳንባ ቀስ በቀስ የሚያጠፋበት ሂደት ሲሆን፣ ለዚህ እስካሁን በቂ መልስ አልተገኘም። በወጪ በኩልም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የጥንድ ሳንባ ንቅለ ተከላ ሒሳብ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል፤ ማሽኑ፣ ፈሳሹና ባለሙያው ደግሞ በዚያ ላይ ይታከላሉ።

የአሥር ዲግሪው ጉዳይ

እአአ በ2021 በቶሮንቶ ሁለት ሆስፒታሎች መካከል በድሮን የተላከው ሳንባ ዓለም አቀፍ ዜና ሆኖ ነበር፤ በረራው ስድስት ደቂቃ ገደማ ፈጀ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ግኝት ግን ከሕክምናው ዓለም ውጪ ብዙም አልተወራለትም። በዚህ ጸሐፊ ግምት ለድሃ አገሮች ከድሮኑም ከማሽኑም የሚበልጠው ይህ ነው።

ግኝቱ ሳንባ በ4 ዲግሪ ሳይሆን በ10 ዲግሪ ቢቀመጥ ይበልጥ ደህና ይሆናል የሚል ነው። በበረዶ አጠገብ ያለው ቅዝቃዜ ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጩትን ማይቶኮንድሪያዎች ይጎዳል። በ10 ዲግሪ ግን ሳንባው በዝግታ እየሠራ፣ በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እየተጠቀመ ራሱን ይጠብቃል። የሐሳቡ ፍንጭ በ1980ዎቹ መጨረሻ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቶ የነበረ ቢሆንም፣ በረዶ በየቦታው ይገኛል፣ 10 ዲግሪን አጥብቆ የሚይዝ ተንቀሳቃሽ ማቀዝቀዣ ግን አልነበረም። ሦስት አሥርት ዓመታት በወረቀት ላይ ቆየ።

እአአ በ2023 የቶሮንቶ፣ የቪየናና የማድሪድ ማዕከላት 70 ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት አወጡ። ሌሊት የተወሰዱ ሳንባዎች በ10 ዲግሪ አድረው ንቅለ ተከላው ጠዋት ተደረገ። ሳንባዎቹ ቀድሞ ከተፈቀደው ሰዓት አልፈው ቢቆዩም የታካሚዎቹ ውጤት በተለመደው መንገድ ከታከሙት አላነሰም።

ይህ ለቀዶ ሕክምና ክፍል ምን ማለት እንደሆነ ከውጪ ለሚያይ ሰው ላይገባ ይችላል። የንቅለ ተከላ ቡድን ሥራ በሞት ሰዓት የሚወሰን ነው። ስልኩ እኩለ ሌሊት ሲጮህ ቀዶ ሐኪሙ፣ የሰመመን ባለሙያውና ነርሶቹ ከአልጋቸው ተነስተው እስከ ንጋት ይቆማሉ። ሌላ ታማሚ በዚያች ሌሊት ቢመጣ የሚያክመው የለም። ሁለትና ሦስት ቡድን ያለው ትልቅ ማዕከል ይችለዋል፤ አንድ ቡድን ያለው ግን ሳንባውን ትቶ ይተኛል። ሳንባ እስከ ጠዋት በፍሪጅ ማደር ከቻለ ትንሹ ማዕከልም ይሠራል። የሚያስፈልገው ደግሞ ሙቀቱን የማያዛባ ማቀዝቀዣና የማይቋረጥ መብራት ነው።

ከናይሮቢ እስከ አዲስ አበባ

በአፍሪካ ቀንድም ሆነ በምሥራቅ አፍሪካ ሳንባ የሚተከልበት ሆስፒታል የለም። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች አገልግሎቱ የሚታወቀው በደቡብ አፍሪካ ነው። በቀጣናችን የሚደረገው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው፤ በኬንያና በሱዳን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ እአአ ከ2015 ወዲህ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ። በእነዚህ ሁሉ ኩላሊቱ የሚመጣው በአመዛኙ በሕይወት ካለ ዘመድ ነው።

እህት ለወንድሟ ኩላሊት ልትሰጥ ትችላለች፤ ሳንባዎቿን ግን ልትሰጠው አትችልም። ስለዚህ የሳንባ ሕክምና ከሞተ ሰው መውሰድን የግድ ይላል፤ ይህም ሕግ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍልና እምነት ይጠይቃል። የዓይን ብሌን ልገሳ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ብሌኑ ልብ ከቆመ ከሰዓታት በኋላም ሊወሰድ ይችላል። ሳንባ ግን በአብዛኛው የሚወሰደው ልቡ እየመታ፣ ደረቱም በመሣሪያ እየተነፈሰ አንጎሉ መሞቱ ከተረጋገጠ ሰው ነው። ቤተሰብ ደረቱ ከፍ ዝቅ የሚለውን ልጁን እያየ "ሞቷል" ሲባል እንዲያምን ይጠየቃል። አንጎል መሞቱን የሚያረጋግጡት ሐኪሞች ከንቅለ ተከላው ቡድን የተለዩ መሆናቸውን ማወቅ፣ ማመንም አለበት።

ይህን እምነት የሚሸረሽሩ ነገሮች በአካባቢያችን አሉ። በሲና በረሃ ታግተው ከነበሩ ኤርትራውያንና ሌሎች ስደተኞች ጋር በተያያዘ ስለ አካል ክፍል ዝርፊያ ሲነገር የቆየው ወሬና ክስ እስከ ዛሬ በብዙ ቤቶች ይነሳል። እአአ በ2025 ደግሞ በኬንያዋ ኤልዶሬት የሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል በኩላሊት ሽያጭ ተጠርጥሮ የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር የንቅለ ተከላ አገልግሎቱን አግዷል፤ ሆስፒታሉ ጥፋት መፈጸሙን አስተባብሏል። እንዲህ ባለ አየር ውስጥ "የሟች ሳንባ በማሽን ላይ ሕያው ሆኖ ይቆያል" የሚለው ዜና ተስፋ ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም ሊቀሰቅስ ይችላል።

ቅደም ተከተሉም መዘንጋት የለበትም። በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት ይህ ጸሐፊ በቀጣናው በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ግቢ የታካሚ ቤተሰቦች የኦክስጅን ሲሊንደር በፒክአፕ ጭነው ሲያመጡ ተመልክቷል። የማገዶ ጭስ በቤት ውስጥ በሚተነፈስበት፣ የሳንባ ነቀርሳም ድኖ ጠባሳ በሚተውበት አካባቢ የመጀመሪያው ጥያቄ ሳንባ መለወጥ አይደለም፤ ያለውን ሳንባ ኦክስጅን አለመንፈግ ነው። የሚገርመው ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ መኖሩ ነው። አንጎሉ የሞተን ለጋሽ ለመንከባከብ የሚያስፈልገው የማይቋረጥ ኦክስጅን፣ የሠለጠነ ነርስና የሚሠራ ቬንቲሌተር ሊድን የሚችለውን ታካሚ ለማዳን የሚያስፈልገው ያው ነው።

በውጪ ያሉት

በውጪ ለሚኖሩ የአማርኛ ተናጋሪዎች ግን ጉዳዩ የነገ አይደለም። በአሜሪካ በዓመት ከ3,000 በላይ የሳንባ ንቅለ ተከላዎች ይደረጋሉ። እስራኤል ውስጥ፣ ቤይሊንሰን ሆስፒታልን በመሳሰሉ ማዕከላት ሳንባ ይተከላል፤ እአአ በ2008 በወጣው ሕግ መሠረት የለጋሽነት ካርድ የፈረመ ሰው ራሱ የአካል ክፍል ቢያስፈልገው በወረፋው ላይ ቅድሚያ ያገኛል። በሳዑዲ ዓረቢያ ታላላቅ ዑለማዎች ከሞተ ሰው መለገስ እንደሚቻል የወሰኑት እአአ በ1982 ነው። ዛሬ በሪያድና በአቡዳቢ ሳንባ የሚተክሉ ሆስፒታሎች አሉ።

በእነዚህ አገሮች የሚኖር ሰው በመኪና አደጋ ወይም በአንጎል ደም መፍሰስ ድንገት ሲሞት ለቤተሰቡ ጥያቄው ይቀርባል። ካርድ ፈርሞ ካልተገኘ የሚጠየቁት ሚስቱ፣ ወንድሙ ወይም አብሮት የሚኖረው ሰው ናቸው። እናትና አባት ብዙ ጊዜ ያሉት ጎንደር፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ፣ በዕብራይስጥ ወይም በዓረብኛ ይናገራል፤ "የአንጎል ሞት" የሚለውን ቃል ለአባት በስልክ በአማርኛ የሚያስረዳው ደግሞ ራሱ በሐዘን ላይ ያለው ወንድም ነው። ማሽኑም የ10 ዲግሪው ማቀዝቀዣም የሰጡት ተጨማሪ ሰዓት የሚቆጠረው ሳንባው ከወጣ በኋላ ነው። ለዚህ የስልክ ጥሪ የሚቀረው ጊዜ ግን እንደ ድሮው ነው፤ አስተርጓሚ ፈልጎ የሚያቆም ሆስፒታልም በየቦታው አይገኝም።